ገበያ ሲቀዘቅዝ ከማን እንበደር? ለጎንደር አነስተኛ ነጋዴዎች የብድር ማነጻጸሪያ

ብድር ፈላጊ ባንክ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ወለዱ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ገበያው ሞቅ ሲል ጥያቄው ልክ ነው። ሽያጭ በቀዘቀዘበት፣ መንገድ ሲከፈትና ሲዘጋ በሚከርምበት ጊዜ ግን ወለድ ሦስተኛ ጥያቄ ቢሆን ይሻላል። አንደኛው ጥያቄ ክፍያው መቼ ይጀምራል፣ በየስንት ጊዜውስ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፦ መክፈል ቢያቅተኝ ምኔን ይወስዱብኛል?

ጎንደር ላይ አንድ ባለ ሱቅ፣ ባለ ወርክሾፕ ወይም ባለ ምግብ ቤት ሊያገኛቸው የሚችላቸውን የብድር መንገዶች በነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላነጻጽር ነው። የየባንኩን የዛሬ ወለድ አልዘረዝርም። ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፤ ቅርንጫፉን ጎራ ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። በምሳሌዎቹ ውስጥ የምጠቀምበት 18 በመቶም ለስሌት እንዲመች የተያዘ ቁጥር ነው እንጂ የማንም ባንክ ዋጋ አይደለም።

ባንኩ ለምን «አይ» ይላል?

ጎንደር ያየችውን ለጎንደሬ መንገር አያስፈልግም። ኮቪድ ቱሪስቱን አስቀረ። ጥቅምት 2013 መጨረሻ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ በኩል ያለው ንግድ ተናጋ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ክልሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ገባ። ከዚያ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ትናንት በ200 ሺህ ብር ግጥም ብሎ ይሞላ የነበረ መደርደሪያ ዛሬ በዚያው ገንዘብ አይሞላም። ስለዚህ ቅዳሜ ገበያ ያለው ነጋዴ ብድር የሚፈልገው ለማደግ ብቻ አይደለም። ባለበት ለመቆየትም መበደር ግድ ሆኖበታል።

በሌላ በኩል ባንኮቹም እጃቸው ታስሮ ነበር። ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት ብሎ ነሐሴ 2015 ላይ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አስቀመጠ። ታኅሣሥ 2017 ላይ ጣሪያው ወደ 18 በመቶ ከፍ አለ። ጣሪያ ሲኖር ባንክ ለማን እንደሚያበድር ይመርጣል። ሲመርጥ ደግሞ ትልቁንና የቆየውን ደንበኛ ማስቀደሙ አይቀርም። አነስተኛው ነጋዴ ሰልፉ ጫፍ ላይ ይቀራል።

ይህን ማወቅ አንድ ጥቅም አለው። «አልተፈቀደም» ስትባሉ ዝም ብላችሁ አትውጡ። «ፋይሌ ጎድሎ ነው ወይስ የምታበድሩት ገንዘብ ገደብ ስለደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፋይሉ ከሆነ ማሟላት ይቻላል። ገደቡ ከሆነ ሌላ ባንክ ሞክሩ፣ ወይም አዲሱ የበጀት ዓመት ሲገባ ተመለሱ። በገደቡ ምክንያት የተከለከለ ሰው «እኔ ለብድር አልሆንም» ብሎ ወደ አራጣ ሲሮጥ ማየት ያናድዳል።

መጀመሪያ ያለባችሁ ብድር

ከአዲስ ብድር በፊት መታየት ያለበት አማራጭ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ማንም አያስበውም። ሁለተኛ ብድር የሚፈልገው ሰው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ለመክፈል ነው። እንዲህ ከሆነ አበዳሪው ጋ ሄዶ የመክፈያ ጊዜውን ማስተካከል ከሁሉም ይረክሳል።

የሚሄዱበት ቀን ወሳኝ ነው። በብሔራዊ ባንክ አመዳደብ ክፍያው ከ30 ቀን በላይ ያለፈበት ብድር ልዩ ትኩረት ከሚሹት ውስጥ ይገባል። 90 ቀን ሲሞላው ደግሞ ከተበላሹ ብድሮች ተራ ይሰለፋል። ያኔ ባንኩ ለእናንተ ብድር ከፍ ያለ መጠባበቂያ (ብድሩ ባይመለስ ብሎ ወደ ጎን የሚያስቀምጠው ገንዘብ) ለመያዝ ይገደዳል፤ ስማችሁም በብድር መረጃ ማዕከል በኩል ሌሎች ባንኮች ዘንድ ይታያል። ቀኑ ሳያልፍ የሄደ ሰው ደንበኛ ሆኖ ይስተናገዳል። 90 ቀን አልፎት ተጠርቶ የሚሄደው ግን እንደ ባለዕዳ ነው። የብድር ሠራተኛው ሊረዳችሁ ቢፈልግ እንኳ እጁ ያጥራል።

ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? ሁለት ነገር አለ። አንዱ የእፎይታ ጊዜ ነው። ለተወሰኑ ወራት ወለዱን ብቻ ትከፍላላችሁ፣ ዋናው ባለበት ይቆያል። ሌላው የመክፈያ ዘመኑን ማርዘም ነው። በቁጥር እንየው። 500 ሺህ ብር ዕዳ ቀርቷችኋል እንበል። ወለዱ 18 በመቶ፣ የቀረው ጊዜ 24 ወር። የወሩ ክፍያ 25 ሺህ ብር ገደማ ነው። ለስድስት ወር ወለድ ብቻ ብትከፍሉ በወር 7,500 ብር ይሆናል። ዘመኑ ወደ 36 ወር ቢራዘም ደግሞ የወሩ ክፍያ ወደ 18 ሺህ ይወርዳል፤ በጠቅላላው የምትከፍሉት ወለድ ግን 52 ሺህ ብር ያህል ይጨምራል።

ችግሩ ጊዜያዊ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጥር ሲመጣ ገንዘብ እንደሚገባ ካወቃችሁ፣ እፎይታው ይሻላል። ገበያው ለረጅም ጊዜ ቀንሷል ብላችሁ ካመናችሁ ግን ማራዘሙን ምረጡ። አንድ መጠንቀቂያ አለ፦ «ስድስት ወር ምንም አትከፍሉም» የሚል እፎይታ ሲቀርብላችሁ ወለዱ የት እንደሚሄድ ጠይቁ። ዋናው ላይ የሚደመር ከሆነ ስድስት ወር ቆይቶ 500 ሺህ የነበረው ከ545 ሺህ በላይ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ማመልከቻው ላይ «ገበያ ስለሌለ እንዲታሰብልኝ» ብሎ መጻፍ ብዙም አይረዳም። ሠራተኛው «እትዬ፣ ስንት መክፈል ይችላሉ?» ብሎ ሲጠይቅ «እንግዲህ እንደቻልኩ» የሚል መልስ የትኛውም ቅጽ ላይ አይሞላም። «እስከ ታኅሣሥ በወር 8 ሺህ፣ ከጥር ጀምሮ 25 ሺህ» ሲባል ግን ለብድር ኮሚቴ የሚቀርብ ነገር አገኘ። ያለፈውን ዓመት ሽያጭ በየወሩ አስቀምጡ። ምን እንደተፈጠረ በሁለት መስመር ጻፉ። ከመቼ ጀምሮ ስንት እንደምትከፍሉ ግለጹ። አንድ ገጽ ይበቃል። ቅጂው ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም አስደርጉ።

መንግሥት ድጋፍ ሲያደርግም በዚሁ በር ነው የሚመጣው። መጋቢት 2012 ላይ በኮቪድ ምክንያት ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር ሲያቀርብ ዓላማው ባንኮቹ የደንበኞቻቸውን ዕዳ እንዲያቀልሉና ተጨማሪ ብድር እንዲሰጡ ነበር። እንዲህ ያለ እርዳታ ቤት ድረስ አይመጣም። ባንኩ ጋ ፋይሉ የተስተካከለና ያመለከተ ሰው ይቀድማል።

የጎንደርን ዓመት ወረቀት ላይ አውርዱት

የትኛውንም የብድር ውል ከመፈራረማችሁ በፊት ይህን ሥሩ። ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ወሮቹን ደርድሩ። በየወሩ የሚገባውን፣ የሚወጣውንና የሚተርፈውን ጻፉ። ሳታሳምሩ። ባለፈው ዓመት የሆነውን እንጂ ዘንድሮ እንዲሆን የምትመኙትን አይደለም።

የጎንደር ገንዘብ ወቅት አለው። ለጥምቀት ከተማው ይሞላል። ሆቴሉም፣ ባጃጁም፣ የሀበሻ ልብስ ሻጩም፣ ፎቶ አንሺውም ጥር ላይ ይሰበስባሉ። የሰሊጥ ገንዘብ ከጥቅምትና ኅዳር ጀምሮ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ሰሊጥ የማይነግደውም ሱቅ የዚያን ገንዘብ ፍንጣቂ ያገኛል። ሠርግ ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ይበዛል። ሥጋ ቤት በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም ይዘጋል ማለት ይቻላል፤ ፍልሰታ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሁለት ሳምንት ያህል። ደብተርና ዩኒፎርም መስከረም ላይ ይሸጣል። የዩኒቨርሲቲው ማራኪና ቴዎድሮስ ግቢ አካባቢ ያለ ምግብ ቤት ተማሪ ሲወጣ ጭር ይላል። ብሎኬት የሚያመርትና በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ክረምቱን ተቀምጦ ያሳልፋል።

አሁን በየወሩ እኩል የሚከፈል ብድር ከሥጋ ቤቱ ዓመት ጋር አስተያዩት። መጋቢት ላይ ምን ይከፍላል? ወለዱ የቱንም ያህል ቢረክስ ይህ ብድር የሥጋ ቤት ብድር አይደለም። አበዳሪውን «ክፍያው በየሩብ ዓመቱ ወይም በወቅት ይሁንልኝ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ለእርሻ ብድር የተለመደ ነው፤ ለንግድም ሲጠየቅ የሚሰማ አይጠፋም። ካልጠየቃችሁ ግን በየወሩ እኩል የሆነው ይሞላላችኋል፤ ለኮምፒዩተሩ የሚቀለው እሱ ነው።

የንግድ ባንክ ብድር

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ዳሽን፣ አቢሲንያ፣ ዓባይ፣ አማራ ባንክ፣ አዋሽ፤ ሁሉም ጎንደር ላይ አሉ። የሚሰጡት ብድር ለአነስተኛ ነጋዴ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። በጊዜ የተወሰነው ብድር አንዴ ተሰጥቶ በክፍያ ሠንጠረዥ ይመለሳል። ኦቨርድራፍት ደግሞ ከሂሳባችሁ በላይ እስከ ተፈቀደው ድረስ እንድታወጡ ይፈቅድና ወለድ የሚያስበው በተጠቀማችሁበት ቀንና መጠን ላይ ነው። ዕቃ ገዝቶ ሸጦ ለሚመልስ ሰው ኦቨርድራፍት ይመቻል። ዕቃው መንገድ ላይ ሳምንታት ቢቀር ግን ወለዱ ዕለት ዕለት ይቆጥራል። በየዓመቱም ይታደሳል፣ ባንኩ ላያድስላችሁም ይችላል። መንገዱ እርግጠኛ ባልሆነበት ጊዜ እኔ ለዕቃ አስመጪ አነስተኛ ነጋዴ ኦቨርድራፍትን በግማሽ ልብ ነው የምመክረው።

የባንክ ጥቅሙ ወለዱ ከአብዛኞቹ ያነሰ፣ መጠኑ ትልቅ፣ ዘመኑም ረጅም መሆኑ ነው። ጣጣው መያዣው ነው። ካርታ ያለው ቤት ይፈልጋል። የባንኩ መሐንዲስ የሚሰጠው ግምት ገበያ ላይ ከሚወራው ዋጋ ያነሰ ነው፤ ብድሩ ደግሞ ከግምቱም ያነሰ። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ ቲን፣ የግብር ክሊራንስ፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ ይጠየቃል። ያገቡ ከሆነ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። ቤቱ የኮሪደር ልማት በሚነካው መስመር ላይ ካለ ባንክ ከመሄዳችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ጎራ በሉ፤ ግምት ከተከፈለበት በኋላ መስማት ያስቆጫል።

ሁለተኛውን ጥያቄ እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ መያዣ የያዘውን ንብረት ለመሸጥ ፍርድ ቤት መሄድ አይጠበቅበትም። ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ቤት ሲያዝ ይህ ነው ትርጉሙ። ለሦስት ወር ዕቃ ሲባል ልጆች የሚኖሩበትን ቤት ማስያዝ ለእኔ አይዋጥልኝም። ቤቱ የሚያዝ ከሆነ የሚገዛው ነገር ብዙ ዓመት የሚያገለግልና ራሱ ገቢ የሚያመጣ ይሁን።

ቤት የሌለውስ? አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል። ማሽን፣ ከብት፣ የእርሻ ምርት፣ የመጋዘን ደረሰኝ፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሂሳብ ሳይቀር መያዣ ሊሆን ይችላል። ምዝገባውም ብሔራዊ ባንክ ባቋቋመው መዝገብ ነው። ወረቀት ላይ ደስ ይላል። ቅርንጫፍ ላይ ግን ስለ ቤት ካርታ እንጂ ስለ ብየዳ ማሽን ሲጠየቅ ትንሽ ግር የሚለው ሠራተኛ አይጠፋም። አዋጁን በቁጥሩ ጥሩት፤ «በተንቀሳቃሽ ንብረት የሚያበድር ክፍል አላችሁ?» በሉ። ሰሊጥ መጋዘን አስገብቶ ደረሰኝ የያዘ ነጋዴ ደግሞ ዋጋ እስኪያገኝ ድረስ በኪሳራ ከመሸጥ ይህን መንገድ ቢሞክር ይሻለዋል።

ጸደይና አነስተኛ አበዳሪዎች

አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ሲባል የኖረው ተቋም ዛሬ ጸደይ ባንክ ነው። ስሙ ቢቀየርም የቡድን ዋስትናውን ጎንደር አይረሳውም፤ ቤት የሌላቸው ሰዎች ተቧድነው አንዱ ለሌላው ተጠያቂ እየሆኑ ይበደራሉ። ለጉልት ነጋዴ፣ እንጀራ ጋግራ ለምታስረክብ እናት፣ ለፀጉር ቤት የመጀመሪያው በር ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ተደራጅተው በሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት የተመዘገቡ ኢንተርፕራይዞችም ከዚያ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው ነው የሚመጡት።

በክፉ ጊዜ የቡድን ዋስትና ሁለት ገጽ አለው። አንዷ ስትታመም ሌሎቹ ይሸፍኑላታል። አምስቱም አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ከሆነ ግን ገበያው ሲወድቅ አምስቱም አብረው ይወድቃሉ። ቡድን ስትመርጡ ሥራችሁ የተለያየ ቢሆን ይመረጣል፤ እንጀራ፣ ልብስ ስፌት፣ አትክልት፣ ዶሮ።

አነስተኛ አበዳሪ ጋ የወለድ አሰላሉን ጠይቁ። ፍላት የሚባለው አሰላል ወለዱን እስከ መጨረሻው ወር በመጀመሪያው ብድር ልክ ያስባል። ሌላው በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ያስባል። 100 ሺህ ብር ለአንድ ዓመት በ18 በመቶ ፍላት ብትወስዱ ወለዱ 18 ሺህ ነው። በቀሪ ዕዳ ከተሰላ ግን 10 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። የፍላቱ 18 በመቶ በባንኩ አቆጣጠር ወደ 32 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ «እነሱ 18፣ ባንኩ 19» ብሎ ማነጻጸር ትርጉም የለውም። ሁለቱንም «በየወሩ ስንት፣ በድምሩ ስንት?» በሏቸው። በዚያ ላይ የአገልግሎት ክፍያ፣ የኢንሹራንስና የግዴታ ቁጠባ ሲቀነስ እጃችሁ የሚገባው 100 ሺህ ላይሆን ይችላል።

ማሽን ለሚፈልግ፦ ሊዝ

ብየዳ ቤት፣ እንጨት ሥራ፣ ዳቦ ቤት፣ ዘይት መጭመቂያ፣ ብሎኬት ማምረቻ ላለው ሰው ከባንክ ብድር ይልቅ ሊዝ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በሚሰጠው የሊዝ ፋይናንስ ደንበኛው 20 በመቶ ያዋጣል፤ የቀረውን ባንኩ ችሎ ማሽኑን ይገዛል። ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ማሽኑ የባንኩ ነው። ለአነስተኞቹ በክልሉ ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ሥራው ባይሳካ የሚወሰደው ማሽኑ ነው፤ ቤቱ ይተርፋል። ለሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ የሚሰጥ የለም። ጉድለቱ ግን ሦስት ነው። ጥሬ ገንዘብ አይሰጥም፤ ጥሬ ዕቃና ደሞዝ ከየት እንደሚመጣ ቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ሂደቱ ረጅም ነው። ማሽኑ ከውጭ የሚገባ ከሆነ ደግሞ በምንዛሪው ለውጥ ዋጋው መሃል ላይ ሊጨምር ይችላል፤ ጭማሪውን ማን እንደሚሸከም ውሉ ላይ ፈልጉት። መብራት የሚበላ ማሽን ከሆነም ሼዱ ውስጥ በቂ ኃይል መኖሩን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ። ሳጥኑ ሳይከፈት ክፍያው የጀመረበት ማሽን ማየት ብርቅ አይደለም።

ቁጠባና ብድር ማኅበር

የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ገንዘቡ የአባላቱ ነው። ብድሩ በቁጠባችሁ ልክ እየተባዛ ይፈቀዳል፣ ዋስ አባል ይሆናል፣ ወለዱ አይከብድም፣ ትርፉም ተመልሶ ለአባላቱ ይከፈላል። ዛሬ ገብቶ ነገ መበደር ግን አይቻልም። ለመጪው ክፉ ቀን እንጂ ላሁኑ አይደርስም። ማኅበሩ በየዓመቱ ኦዲት መደረጉን ጠይቁ።

ወለድ ለማይፈልጉ

ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ናቸው። ሌሎቹም ባንኮች መስኮት ከፍተዋል። የተለመደው ሙራባሃ ነው። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በዱቤ ይሸጥላችኋል። ዋጋው ከመጀመሪያው ስለሚቆረጥ ስትዘገዩ ወለድ አይወልድም። ለጨርቃ ጨርቅና ለኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ይሆናል፤ ለቤት ኪራይና ለደሞዝ ግን አይሆንም። መያዣው እንደ ሌላው ባንክ መሆኑን አትርሱ። እስላም ክርስቲያን ሳይባል ማንም መጠቀም ይችላል።

ስልክ ላይ ያለው ብድር

በቴሌብር «መላ»ና «እንደኪሴ» አሉ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «ምቹ» ደግሞ ያለ መያዣ ለነጋዴ ያበድራል። ደቂቃ አይፈጅም፣ ማንንም ዋስ ሁነኝ ብሎ መለማመጥ የለም። የሚታሰበው ግን ብዙ ጊዜ ክፍያ ተብሎ ነው እንጂ ወለድ ተብሎ አይደለም። 10 ሺህ ብር ለአንድ ወር በ600 ብር ክፍያ ተበደራችሁ እንበል። 600 ብር ትንሽ ነው። በዓመት ሲሰላ ግን 72 በመቶ ነው። ሐሙስ ተበድሮ ቅዳሜ ሸጦ ለሚመልስ የሽንኩርት ነጋዴ 600 ብሩ ያዋጣል። ለቤት ኪራይ የወሰደ ሰው በየወሩ እየታደሰ ይበላዋል። ከአንዱ ወስዶ ሌላውን መክፈል ከተጀመረ ቆም ማለት ይሻላል፤ የብድር መረጃ መዝገቡ እዚህም አለ፣ ቀጥሎ ባንክ ስትሄዱ ይከተላችኋል።

ዕቁብና አራጣ

ዕቁብ ወለድ የለውም። 20 ሰው በሳምንት 5 ሺህ ቢጥል 100 ሺህ ይወጣል። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ ተበድሯል። መጨረሻ የሚደርሰው ግን አበዳሪ ነው፤ ዋጋ በሚንርበት ዘመን የኋለኛው 100 ሺህ የፊተኛውን ያህል አይገዛም። ዕጣ መግዛት የምትፈልጉ ከሆነ የምትቀንሱት ገንዘብ ወለዳችሁ ነው፤ እሱንም አስሉት። ገበያ ሲቀዘቅዝ የዕቁብ ትልቁ ፈተና የወሰደ ሰው መጣል ሲያቆም ነው። ዳኛው ጨዋ ቢሆንም ለወሰደው ሁሉ ዋስ የሚያስጠራ፣ በጽሑፍ የሚይዝ ዕቁብ ምረጡ። ሳምንታዊው ለሱቅ ይሆናል። አስጎብኚና ሆቴል ግን ወቅቱ ሲያልፍ ሳምንታዊ መጣል ይከብደዋል።

አራጣ ላይ ብዙ አልቆይም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ገብቶኛል። ግን ሕጉን እወቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። ከ9 በመቶ የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ በጽሑፍ መሆን አለበት። አራጣ በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። «በወር 10» ብሎ የሚያበድር ሰው ውሉ ላይ ወለዱን አይጽፈውም፤ የወሰዳችሁት 100 ሺህ ሆኖ የምትፈርሙት 220 ሺህ ነው፤ ወይም መጠኑ ያልተሞላ፣ የፈረማችሁበት ቼክ ይቀበላችኋል። በቂ ስንቅ (ሂሳብ ላይ ያለ ገንዘብ) የሌለው ቼክ መስጠት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ከዘመድ መበደር ይሻላል። እሱንም ጻፉት፤ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ያለ ጽሑፍ ፍርድ ቤት በምስክር ማስረዳት አይቻልም።

እንግዲህ ማን የቱን?

ፒያሳ አካባቢ እንግዳ ማረፊያ ወይም የጉብኝት ሥራ ያለው ሰው አዲስ ብድር ከመፈለጉ በፊት ያለበትን ወደ ጥር የሚያደላ የክፍያ ሠንጠረዥ ያስደርግ። ማስፋፊያ አሁን አይደለም። ቱሪስት ሳይመለስ በብድር ክፍል መጨመር አይመከርም።

የቅዳሜ ገበያ ባለ ሱቅ ዕቃው በስንት ሳምንት እንደሚሸጥ ይቁጠር። ቶሎ የሚዞር ዕቃ፣ እንደ ዘይትና ስኳር ያለው፣ አጭር ብድር ይችላል። ጫማና ልብስ ግን አይችልም። ቶሎ የሚዞረው ዕቃ ብቻ በብድር፣ የሚቆየው በራስ ገንዘብ።

አዘዞ ላይ ብየዳ ወይም እንጨት ቤት ያለው ወጣት ሊዝ ይሞክር፣ ለጥሬ ዕቃው ከደንበኛ ቀብድ ይቀበል። ሥጋ ቤት በጾም ወራት ክፍያ የሌለበት ውል ካላገኘ በፋሲካና በሚቀጥሉት ወራት አትርፎ ለጾሙ በባንክ ደብተር ማስቀመጥን ይምረጥ። እንጀራ የምትጋግር እናት ጤፉን በዱቤ የሚሰጣት ወፍጮ ቤት ካለ እሱ ከየትኛውም ባንክ ይሻላታል፤ ዋጋውን ከጥሬ ገንዘቡ ዋጋ ጋር ታስተያይ እንጂ። በኩንታል 500 ብር ከጨመረባት ወለዱ እሱ ነው።

የሽያጭ ገቢውን በባንክ ሂሳብ የማያሳልፍ ነጋዴ ደግሞ ዛሬ ብድር ባይፈልግም ከዛሬ ጀምሮ ያሳልፍ። ባንኩ የሚያምነው የሂሳብ መግለጫውን ነው። በኪስ የዞረ ገንዘብ ለብድር ኮሚቴ የለም ማለት ነው።

ፊርማው ላይ

ውሉን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። አይሰጥም ካሉ እዚያው ተቀምጣችሁ። የክፍያ ሠንጠረዡ ከውሉ ጋር ተያይዞ በእጃችሁ ይግባ። ወለዱ መሃል ላይ ሊቀየር ይችል እንደሆነ፣ ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንዳለው፣ ለዘገየ ክፍያ ስንት እንደሚጨመር ፈልጉ።

ዋስ የሚሆንላችሁ ሰው ካለ ከጎናችሁ ሆኖ ያንብብ። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ካለ አበዳሪው እናንተን ሳይከስ በቀጥታ ዋሱን መጠየቅ ይችላል። የወንድማችሁ ደሞዝ ቀድሞ ሊቆረጥ ይችላል ማለት ነው። ይህን ነግራችሁት ሳለ ከፈረመ፣ ፈረመ። ሳትነግሩት ካስፈረማችሁት ግን ከዕዳው በላይ የሚያጣላችሁ እሱ ነው። እናንተም ለሌላ ሰው ዋስ ሁኑ ስትባሉ መጀመሪያ ያንን ቃል ፈልጉ፣ ቀጥሎ የብድሩን መጠን፣ ከዚያ ብድሩ ሲራዘም ዋስትናችሁም አብሮ ይራዘም እንደሆነ ጠይቁ።